ሰባት ጊዜ የታጠበው ፍርግርግ

ወንድሜ ከካምፕ ሥራው ሲመለስ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ የብረት ፍርግርግ ይዞ መጣ። ሻንጣውን ለባጃጅ ነጂው አሸክሞ ፍርግርጉን ራሱ በትከሻው ይዞ ገባ። ሰው ሁለት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ ቴሌቪዥን ያመጣል፤ ቢያንስ ለእህቱ ሻርፕ ያመጣል። የእኔ ወንድም ብረት አመጣ። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ዓይኔ ብረቱ ላይ ቀረ፤ በዚያ ካምፕ ምን ሲጠበስ እንደከረመ አውቅ ነበርና።

ካምፑ ሐራ አካባቢ የነበረ የግንባታ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ከየአገሩ የመጡ መሐንዲሶች ይኖሩበት ነበር። ወንድሜ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሽንኩርት ከመላጥ ተነሥቶ ጠባሽ እስከ መሆን ደረሰ። በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሣጥን የሚመጣላቸው ሥጋ ነበር፤ የአሳማ ጎድን። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ በስልክ፣ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። «ነካኸው?» አልኩት። «በመቆንጠጫ ነው እቴ፣ በእጄ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለዒድ ቤት በመጣ ቁጥር እጁን ሲታጠብ አጠገቡ ቆሜ አይ ነበር። ሳሙናውንም እሱ ከሄደ በኋላ እጥለው ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ሰው፣ ብሎም ይረሳዋል። እኔ ግን እኖርበታለሁ። ዶሮ ስገዛ ከምንቃሯ እስከ ጥፍሯ አገላብጣለሁ። ማር ስገዛ ክብሪት ነክሬ ካልነደደልኝ አልከፍልም። ምላሴም ከዓይኔ አትሻልም፤ ከአሳቤ ቀድማ ትወጣለች። ጠባዬን የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ከግራና ከተማ በላይ ባለች መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሠርግ ቤት ሲጠሩ ገና ሳይቀመጡ «ማን ነው ያረደው?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ካልጣማቸው ዳቦ ብቻ በልተው፣ መርቀው ይመለሳሉ። ስለዚህ በወረዳችን በሐብሩ ገጠር «እሳቸው የበሉበት ቤት» ከተባለ ሌላ ምስክር አይፈለግም።

መርሳ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው ሹፌር ሽሮና ፍርፍር ይበላባታል፤ በገበያ ቀን ደግሞ የፍየል ጥብስ እጨምራለሁ። ወንድሜ ፍርግርጉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ አሳቡን ነገረኝ።

«የፍየል ጎድን እዚህ ላይ እጠብሳለሁ። እነሱ ለዚያ ለሥጋቸው የሚቀቡት ጣፋጭና ጎምዛዛ ቅብ አለ፤ እሱን ለፍየል አደርገዋለሁ። እዚህ አገር የሚያውቀው የለም። ከሆነ ሆነ፤ ካልሆነ ጓደኞቼ በሄዱበት እሄዳለሁ።»

ጓደኞቹ የሄዱበትን መንገድ የሐብሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በአፋር በረሃ በእግር፣ ከዚያ በጀልባ፣ ከዚያ ሳዑዲ፤ ከደረሱ። ከሠፈራችን ከወጡት መካከል ሁለቱ እስካሁን አልደወሉም። እናታችን ከሞተች ወዲህ ወንድሜን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ «እሺ» አልኩት። «እሺ» ስለው ግን ዓይኔን ከብረቱ አልነቀልኩም።

«ይኸ ካምፕ የነበረው ነው?»

«አይደለም። የካምፑ እዚያው ቀርቷል። ይኸን ልወጣ ስል ወልዲያ ብየዳ ቤት አሠራሁት።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

«ድገም።»

ደገመልኝ። ሦስተኛም ጨመረልኝ፣ ሳልጠይቀው። ያ ሦስተኛው ደስ አላለኝም፤ እውነተኛ ሰው ምን ያስቸኩለዋል አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ሥራ ጀመረ። ሁመር ከቆላ የሚመጣው ጎምዛዛ ጥቁር ፍሬ ነው፤ እሱን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ጨመቀው። የመርሳን ብርቱካን ጨመቀበት፣ ማር ጨመረ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጦ ከተተ፣ በርበሬ ነሰነሰ፤ ከዚያ በለዘበ እሳት እስኪወፍር ድረስ አማሰለው። ጎድኑን በጨውና በነጭ ሽንኩርት አሽቶ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስቦ ጎድኑን በሌላው ጎን አስተኛው፤ ላዩንም በሰፊ ክዳን ደፋበት። ሥጋው ፍሙ ላይ አልነበረም፤ ከሙቀቱ ብቻ ነው የሚበስለው። ሰዓት አልፎ ሥጋው ከአጥንቱ ጫፍ መሸሽ ሲጀምር ነው ቅቡ የሚመጣው። «ማር ቀድሞ ከተቀባ ያራል፤ መጨረሻ ላይ ነው፣ ሦስት ጊዜ፣ እየደረቀ» አለኝ። መቀቢያ ብሎ ከሱቅ የገዛውን ብሩሽ ሲያወጣ እጁን ያዝኩት።

«የምን ፀጉር ነው?»

«ኧረ የሱቅ ብሩሽ ነው።»

«የሱቅ መሆኑንማ አያለሁ። የምን እንስሳ ፀጉር ነው?»

አላወቀም። እኔም አላውቅም፤ ባለማወቄ ግን ብሩሹ ቤቴ ውስጥ አላደረም። የጥብስ ቅጠል ቆርጦ በክር አስሮ በእሱ መቀባት ጀመረ። እንዲያውም ሽታው አማረለት።

«ለመሆኑ ቀምሰኸው ታውቃለህ?» አልኩት ጎድኑ ሲያብረቀርቅ።

«ምኑን?»

«እዚያ የጠበስከውን።»

«አዑዙ ቢላህ! በፍጹም።»

«ታዲያ ጣዕሙን በምን አወቅኸው? ሳይቀምስ የሚያበስል ሰው አላየሁም።»

«ቅቡን ሥጋው ሳይነካው ከድስቱ እቀምሳለሁ። የሥጋውን ደግሞ ከፊታቸው ነው የማውቀው። ዝም ብለው ሲበሉ ደኅና ነው፤ መሳቅ ሲጀምሩ ጨው ይጎድለዋል።»

መልሱ ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ስለነበር ጥርጣሬዬን ጨመረው። ሥጋ ማር የሚቀባው ምን ሊደብቅ ነው የሚለውም አሳብ አልለቀቀኝም፤ እኛ ሥጋ የምናውቀው በጨውና በአዋዜ ነው። ቢሆንም አንድ ጎድን አንሥቼ ነከስኩ። ሥጋው ከአጥንቱ ያለ ትግል ወጣ። መጀመሪያ ማሩ፣ ከዚያ አገጭ የሚይዘው ሁመር፣ በመጨረሻ በርበሬው መጣ። አንድ በልቼ ሁለተኛ አነሣሁ። ወንድሜ ፊቴን እያየ ፈገግ አለ፤ እንደ መሐንዲሶቹ ዝም ብዬ እየበላሁ ነበር።

ሥራው ሆነ። መጀመሪያ ሹፌሮቹ ቀመሱት፤ አንዱ ጠቅልሎ ወደ ወልዲያ ወሰደ፣ በሚቀጥለው ቀን ሦስት ሰው አስከትሎ መጣ። ከሲሪንቃ የእርሻ ምርምር የሚወጡ ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ብቅ ማለት ጀመሩ። ወንድሜ ሸሚዙን እየቀየረ መልበስ ጀመረ። ስለ በረሃው መንገድ ማውራት ተወ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ነገር ግን በየማታው ፍርግርጉን ሳጥብ ዓይኔ አንድ ቦታ ይሄድ ነበር።

ሁለቱ ብረቶች የተበየዱበት የውስጥ ጥግ ላይ ጥቁር ነገር ነበር። ወፍራም፣ ቅባት ያለው፣ በቢላ ሲፋቅ የሚጠቀለል። ከእኛ እሳት ነው እንዳልል የመጀመሪያውን ቀን፣ ገና ፍም ሳይነካው፣ እዚያው አይቼዋለሁ። አዲስ ብረት ይህን ከየት አመጣው? ፍቄ አሸተትኩት። ሽታው የማላውቀው ነበር፤ የማላውቀው ሽታ ደግሞ ለእኔ አንድ ስም ብቻ ነበረው። ወንድሜን ጠየቅሁት። «የብየዳው ነው መሰለኝ» አለ፣ ቀና ሳይል። መሰለኝ! ሦስት ጊዜ የማለ ሰው መሰለኝ ይላል?

በእኛ ዘንድ ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱም አንዱን በአፈር የሚታጠበው ሁለት እንስሳ ከነካው ነው፤ ውሻና አሳማ። ቤት ውስጥ ላድርገው ብል ወንድሜ ያየኛል፤ አየኝ ማለት ደግሞ መሐላህን አላመንኩም ብዬ ፊት ለፊት ነገርኩት ማለት ነው። እሱን አልፈለግሁም። ሳላስቀይመው ንጹሕ ላደርገው ፈለግሁ። ዓርብ ዕለት ለጁምዓ ሲወጣ ፍርግርጉን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ከድንጋዩ ሥር ጥሩ አፈር ዘግኜ በውኃ አላቁጬ አሸሁት። ከዚያ አለቀለቅሁት። ሁለት። ሦስት። እየቆጠርኩ ነበር፣ ጮክ ብዬ፤ እንዳይሳሳትብኝ። አራት ላይ ቀና ስል ልብስ የሚያጥቡ ሁለት ሴቶች እጃቸውን አቁመው ያዩኛል። የሠፈራችን ሴቶች ናቸው፤ አንደኛዋ በየገበያው ቀን ባሏን አስከትላ ጎድን የምትበላ።

«ምነው እህቴ፣ ውሻ ልሶት ነው?» አለችኝ፣ በደግነት።

አዎ ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ውሻ የማይልሰው ዕቃ የለም፤ ማንም ሰው ላይ ይደርሳል። እኔ ግን ተደብቄ ስሠራ ስለተያዝኩ ደሜ ፈላ፣ ምላሴም ቀደመችኝ።

«እኔ ቤት ውሻ አይገባም! ምን አገባችሁ? ልብሳችሁን እጠቡ!»

እነሱም ልብሳቸውን አጠቡ። ሰባቱን ጨርሼ ብረቱን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። ውሻ እንዳልሆነ በገዛ አፌ ነግሬያቸው ነበር። ከሁለቱ እንስሳ የቀረውን ራሳቸው ደረሱበት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። መጀመሪያ ያየሁት የሰዎቹን መቅረት ነው። ቅዳሜ ከሲሪንቃ የመጣ የለም። በገበያው ቀን ሰው በበራችን እያለፈ፣ በአፍንጫው ሽታውን እየሳበ፣ ወደ ሌላ ቤት ገባ። አንድ ሹፌር ሽሮ አዝዞ መጣለት፤ ሳህኑን አየት አድርጎ «ይኸ የሚታጠበው ከዚያኛው ጋር ነው?» አለኝና ሳይነካው ወጣ። ወሬውን የነገረችኝ ከጎኔ ብርቱካን የምትሸጠው ጎረቤቴ ናት። ክርስቲያን ናት፤ ወሬ ማስተላለፍ የማይገዳት፣ ሆዷ ግን ንጹሕ ነው።

«እኛስ ድሮም የእናንተን ሥጋ አንበላም፤ ለእኛ ምን ቸገረን» አለችኝ ብርቱካኗን እየደረደረች። «የእናንተ ሰው ግን ወንድሟ ከካምፕ ያመጣው የአሳማ መጥበሻ ነው ይላል። እሷ ራሷ ወንዝ ወርዳ በአፈር ስታጥበው ታይታለች፣ ባይሆን ለምን ታጥበዋለች ነው የሚሉት። አንቺ ነሽ እንዴ ያጠብሽው?»

«ማን አለ?» አልኳት። ጥያቄዋን አልመለስኩላትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት በሕይወቴ ካፈርኩባቸው ቀኖች ሁሉ የከፋው ነው። ወንድሜ ምን እንደሆነ አልገባውም። ጠዋት ፍሙን ያቀጣጥላል፣ ቅቡን ያሞቃል፣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቅቡ ድስቱ ውስጥ ይረጋል። ወሬው በሦስተኛው ቀን እሱም ዘንድ ደረሰ፤ ወንዙን ሳይጨምር፣ አሳማውን ብቻ። «ጠላት አለን» አለኝ። ከማዶ ያለውን ጥብስ ቤት ጠረጠረ። ከካምፕ አብሮት የወጣ ልጅ ጠረጠረ። ብርቱካን ሻጯን ሳይቀር ጠረጠረ። በየስሙ እኔ እንደተስማማ ሰው ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። ሲጠረጥር ፊቱ እኔን መሰለ፤ ያንን ማየት አስጠላኝ።

አንድ ቀን ከኋላ ግቢ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «እስከ ድንበሩ ስንት ቀን ነው?» ይላል። «ውኃ ራሴ ነው የምይዘው?» ይላል። ደላላው ነበር።

በማግስቱ ወንድሜን ጨርቅ ልገዛ ነው ብዬው ወልዲያ ሄድኩ። ብየዳ ቤቶቹን አንድ በአንድ ጠይቄ በሦስተኛው አገኘሁት። እዚያም ቢሆን ጠባዬ አልተወኝም፤ እህቱ ነኝ አላልኩም። «አንድ የመርሳ ልጅ እዚህ አሠራሁ ያለው የሥጋ መጥበሻ ፍርግርግ ነበር፣ እንደሱ ያለ እፈልጋለሁ» አልኩት።

በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ሳቀ። «ያ ነገረኛ ልጅ! ቀኑን ሙሉ እላዬ ላይ ቆሞ ዋለ። ቁራጭ ብረት አልፈልግም፣ ድሮ ምን እንደነበረ አላውቅም ብሎ አዲስ ፌሮ ከሱቅ ገዝቶ አመጣ። ቤት የምትመረምረኝ እህት አለችኝ አለኝ።»

«ጥጉ ላይ ያለው ጥቁርስ?»

«የተቃጠለ የመኪና ዘይት ነዋ። ዝገት እንዳይዘው እቀባዋለሁ። ሲሞቅ ይለቃል፤ ጥጉ ላይ ያለው ግን ይከርማል።» ከዚያ ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። «መርማሪዋ አንቺ ነሽ?»

በሚኒባሱ መስኮት ዳር ተቀምጬ ስመለስ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት የሞተብኝ ሰው ያለ መስሏቸው «አላህ ያጽናሽ ልጄ» አሉኝ። አሜን አልኩ። ወንድሜ ገና ብረቱን ሲያሠራ እኔን አስቦ ነበር። ፌሮውን ሲገዛ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ የእኔን ጥያቄ አስቀድሞ መልሶልኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስሙን ወንዝ ወርጄ አፈር ቀባሁት።

ቤት ስደርስ ነጭ ሽንኩርት ይልጥ ነበር፤ ማን እንደሚበላው ሳያውቅ። ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ።

«ጠላት የለንም» አልኩት። «ወሬው ከእኔ ነው የወጣ። ጁምዓ በሄድክበት ብረቱን ወንዝ ወስጄ አጠብሁት። ሰባት ጊዜ። ሰው አየኝ።»

ቢላዋን አስቀመጠ። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ እንዲጮኽም ፈልጌ ነበር።

«ሰባቱን ከጨረስሽ በኋላስ አመንሽኝ?»

መዋሸት እችል ነበር። አልዋሸሁም። «ዛሬ ነው ያመንኩህ። ወልዲያ ሄጄ በያጁን ጠይቄ መጣሁ።»

«እኔን አይደለማ ያመንሽ» አለ፣ ቀስ ብሎ። «የማታውቂውን ሰውዬ ነው።»

ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠለ።

ወሬውን የሚያጠፋ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እሱ አልጠየቀኝም፤ እኔ ነኝ በማግስቱ ወደ ግራና ተሳፍሬ፣ ከዚያ ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ አባቴ ዘንድ የሄድኩት። ማሽላቸው ዳር ቁጭ ብለው ከርከሮ ያፈራረሰውን አጥር ያጥሩ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ካምፑን፣ ወንዙን፣ የመለስኩትን መልስ፣ በያጁን፣ ፌሮውን፣ ዘይቱን፣ ደላላውን። አንዱንም አልደበቅሁም። አባቴ አጥራቸውን እያሰሩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አባ፣ እርስዎ ካልበሉለት ይሄዳል» አልኳቸው። «በረሃ ነው የሚሄደው።»

«ለገበያው እመጣለሁ» አሉ።

መጡም። የመስጊድ ኩታቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ከገበያው ሕዝብ ጋር ወረዱ። ውስጥ አልቀመጥም ብለው በሩ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያያቸው ቦታ፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሰው ከብርቱካን ሻጯ ጋር የሚደራደር፣ ጨው የሚጠይቅ መስሎ መቆም ጀመረ። የወንዟ ሴት ባሏን ይዛ ከማዶ ቆማለች። ወንድሜ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተጠንቅቆ አልጠበሰም። ቅቡን ሦስት ጊዜ፣ እያደረቀ ቀባ። ጎድኑን በትሪ ላይ አድርጎ፣ ማስታጠቢያውን በሌላ እጁ ይዞ ከውስጥ መጣ።

አባቴ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉኝ።

«ሰባቱን ሞልተሻል?»

አልገባኝም ነበር። «ምን አሉ አባ?»

«ስታጥቢው። ሰባቱን ሞልተሻል? አንዱን በአፈር?»

«አባ፣ ብረቱ እኮ አዲስ ነው። ነገርኩዎት እኮ፣ በያጁ—»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ሞልተሻል ወይ?»

«ሞልቻለሁ።»

«ቢስሚላህ» አሉና ጎድኑን አነሡ።

ቀና ስል ወንድሜ ከአባቴ ኋላ፣ ከሁለት እርምጃ የማይበልጥ ርቀት ላይ፣ ማስታጠቢያውን እንደያዘ ቆሟል። ሰምቷል። መስማቱን ለማወቅ መጠርጠር አላስፈለገኝም፤ ፊቱ ላይ ነበር።

አባቴ አንዱን ጎድን እስከ አጥንቱ በሉት። ሁለተኛ አነሡ። ጣታቸውን ላሱና ከማዶ እስኪሰማ ድረስ «ማር አብዝተኸዋል!» ብለው በወንድሜ ጮኹበት። ሰው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንደገባ አላውቅም፤ የሰማነው የወንበር መጎተት ነው። የወንዟ ሴትም ከነባሏ ገብታ ሁለት ሳህን አዘዘች፤ እኔን ሳታየኝ። ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ጎድን አለቀ። አባቴ መረቁን፣ በትራቸውን አነሡና ሄዱ።

በማግስቱ ደላላው ሲደውል ወንድሜ «ትቼዋለሁ» አለውና ዘጋው። እፎይ አልኩ። አላህን አመሰገንኩ። ከዚያ ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሳይቆጣ፣ እንደ ሥራ ነገር አድርጎ ተናገረኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሥጋውን አንቺ ግዢ። ብረቱንም አንቺ እጠቢ፣ ቅቡንም ስሠራ ቁሚና እዪ። እኔ እሳቱን እይዛለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። ቤቱ ሞልቷል፣ ሁለተኛ ፍርግርግ አስጨምረናል፣ ከወልዲያ ድረስ ለእሱ ጎድን የሚመጣ ሰው አለ። ወንድሜ አልሄደም። ይሥቃል፣ ከሹፌሮቹ ጋር ይቀላለዳል። ነገር ግን አንዲት ኪሎ ሥጋ በእጁ ገዝቶ አያውቅም። ማሰሮ ሲከፍት ይጠራኛል፤ ካልመጣሁ ክዳኑን ይዞ ይጠብቃል። ጎረቤቴ «ታድለሽ፣ አለቃ አደረገሽ» ትለኛለች።

ባለፈው ሰሞን እግሬን አሞኝ ነበር። ጠዋት ፍሙን ሲያቀጣጥል «ዛሬስ ደክሞኛል፣ ሥጋውን አንተ ገዝተህ ና» አልኩት።

ማራገቢያውን አቆመ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ማን ያየኛል?» አለኝ።

በምሬት አልነበረም። ዘንቢሉ የት ነው ብሎ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀኝ። እኔ አምንሃለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ይህን የምለው እኔ ማን ሆኜ ነው አልኩና ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ። እሱም ብዙ አልጠበቀኝም፤ ወደ ፍሙ ዞሮ ማራገቡን ቀጠለ። ዘንቢሌን አንሥቼ እያነከስኩ ወጣሁ።